ሃያ አራት ሸሚዝ፣ አርባ ስምንት ቀኝ እጅጌ

በዲላ ከተማ የልብስ ስፌት መኪና የረገጠች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ከእኔ በፊት የረገጠች አየሁ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እስካሁን የመጣ የለም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ባሌ በወባ ከሞተብኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ምንጣፌን አንጥፌ የቁልፍ ቀዳዳ እሠራ ነበር። ቤቱ የአንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ሱቅ ነው። እሳቸው ውስጥ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። መኪናው የወንድ፣ መርፌው የሴት ነበር። ሴት መኪና ከረገጠች ማህፀኗ ይደርቃል ይባል ነበር። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ወንድ ልብስ ሰፊ ሳይሆን አይቀርም።

ሰፊው ወደ አምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ዲላ የመጡት ከጣሊያን በፊት ነው። ጋሼ ነበር የምላቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን “አንተ”፣ የቤቱን አከራይ “አንቺ” ይሉ ነበር። በዲላ ግን ለዚህ የሚስቅ አልነበረም። ጌዴኦው፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ ሁሉም አማርኛን በየልኩ አሰፍቶ ነው የሚለብሳት።

ከመኪናቸው አጠገብ አንድ የሻይ ቆርቆሮ ነበረቻቸው። ውስጧ ሻይ የለም፤ ክር ነው። አገራቸውን ጥለው ሲወጡ አንዲት ሴት ልጅ ጡት ላይ ትተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ፣ የቡና ነጋዴ በሚያመጣው ደብዳቤ ውስጥ፣ ባለቤታቸው አንድ ክር ጠቅልለው ይልካሉ። ክሩ የልጅቱ ቁመት ነው፤ ከትከሻ እስከ ተረከዝ። ወገቧ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ፤ የእጇ ርዝመት ደግሞ በሌላ ቋጠሮ ተለይቷል። እሳቸውም ክሩን ገበታው ላይ ዘርግተው፣ በሳሙና አስምረው፣ ቀሚስ ሰፍተው ይልካሉ። ልጃቸውን የሚያውቋት በክር ነው። አንድ ቀን አሥራ ምናምኑንም ክር በተራ ዘርግተው አሳዩኝ። “ተመልከት፣ እንዴት እንዳደገች!” አሉኝ። አየሁ፤ ክር ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ሲያዩት እኔንም ልጅቱን ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

ጣሊያን እንደገባ በከተማው ለሚሠራ ለውጭ አገር ሰው ሁሉ የሥራ ወረቀት አደለ። የሰፊውን ወረቀት የቢሮው ቱርጁማን ሲያነብላቸው ሰምቻለሁ። ይህ ሰው ልብስ ሰፊ ነው፣ ይላል፤ በዲላ ይሰፋል፤ ያለ ፈቃድ ከዲላ ውጭ አይገኝም፤ ሥራው ከተቋረጠ ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀቱ የተቀደደበት ወደ አገሩ ይሸኛል፣ ሁለተኛም አይመለስም። እኛም የአገሩ ልጆች ብንሆን ያለ ይለፍ ወረቀት ሩቅ አንሄድም ነበር፤ ግን ቢያንስ ከቤታችን የሚነቅለን ወረቀት አልነበረም።

ሰውየው ይህን ወረቀት ለማለፍ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። መጀመሪያ ልጅቱ ስትታጭ በቡና ጭነት መኪና ተሳፍረው ወጡ። ሻሸመኔ ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አንብቦ፣ ወደ ዲላ በሚመለስ መኪና ላይ መልሶ ጫናቸው። “ሻሸመኔ እንዴት ነው?” ብላቸው፣ “አቧራ ነው፣ አላወረዱኝም” አሉ። ሁለተኛው ሙከራ በሕጉ ነበር። ቢሮ ሄደው አመለከቱ፤ የመሄጃ ፈቃድ ተጻፈላቸው፤ የመመለሻው ግን አልተጻፈም። ያንን ፈቃድ አጥፈው ከክሮቹ ጋር ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተቱት። ቢሄዱ መኪናው ይቀራል፤ መኪናው ከቀረ ደግሞ ሚስትም፣ ልጅም፣ አሮጊት እናትም የሚበሉት የለም። በአገራቸው በአንድ መንደር አሥር ሰፊ አለ ይሉ ነበር።

ቀጣዩ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ነገሩ ቁርጥ ነበር። የልጅቱ ሠርግ ከረመዳን በኋላ ሆኗል። ደብዳቤው ውስጥ አንድ ክር ነበር፤ ባለቤታቸው “ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚለካት ባሏ ነው” ብለው አስጽፈዋል። ሰፊው ክሩን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ያን ቀን ሙሉ አልሰፉም። ማታ ሱቁን ሲዘጉ፣ “የሙሽራ ልብስ በክር አይሰፋም፤ ልጄን ቆማ ነው የምለካው” አሉ።

በማግስቱ ለጦሩ የተሰፉ ሱሪዎች የምናስረክብበት ቀን ስለነበር፣ እስሩን ተሸክሜ አብሬያቸው ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ ጣሊያን አጭር ሰው ነው፤ ስንገባ እግሩን ከነጫማው ወንበር ላይ ሰቅሎ ሲጋራ ያጨስ ነበር። አንቱታ ለሁሉ አይሰጥም፤ ለእሱ አልሰጠሁትም፣ ዛሬም አልሰጠውም። ሰፊው ጉዳያቸውን አስረዱ፤ ቱርጁማኑ ወደ ጣሊያንኛ አዞረው። ሹሙ ሲጋራውን እስኪጨርስ አስጠበቀንና እንዲህ ሲል አስነገረ፦

“አርባ አምስት ቀን። ሁለት ነገር አምጣ። አንደኛ፣ መኪናህን የሚረግጥ ሰው፤ የጦሩ ሥራ አንድ ቀን አይቆምም። ሁለተኛ፣ ዋስ። መኪናው ዝም ካለ፣ ወይም ሥራው ከተበላሸ፣ ወይም በአርባ አምስተኛው ቀን እዚህ ካልቆምክ፣ ወረቀትህ ይቀደዳል፣ ሱቁ ይታሸጋል፤ ዋስህም መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል።”

በከተማው ሌሎች ሦስት ሰፊዎች ነበሩ። ሁሉንም ለምነናል። አንዱ ጉልበቴን ያመኛል አለ። አንዱ የጣሊያን ነገር አያስተማምንም አለ፤ እሱ እንኳ እውነቱን ነው። ሦስተኛው፣ “ለአርባ አምስት ቀን አልቀመጥም፤ ለሁልጊዜ ከሆነ ዛሬውኑ” አለ። ሰፊው የሠርጉ ቀን ሲቃረብባቸው ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮ ተመለሱ፤ እኔም የልብስ እስር ይዤ ከኋላ አለሁ። ሹሙ “እሺ፣ ማነው የሚረግጠው?” ሲል እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

“እኔ” አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔም ከተናገርኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ቱርጁማኑ ለመተርጎም እንኳ አፈረ። ሲተረጉመው ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ብዕሩን አነሳ። እንደማልችል ስላመነ ነው የፈረመው። ይህን ያወቅኩት ያን ጊዜውኑ ነው፤ እልህ የያዘኝም ያን ጊዜ ነው።

ዋሱ ደግሞ ካላሰብነው ቦታ መጡ። ከጪጩ በየገበያው ቀን ቡና ይዘው የሚመጡ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዝናብ ሲመጣ እኛ በረንዳ ላይ፣ ከምንጣፌ አጠገብ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠለላሉ። ከሰፊው ጋር በዓመት አሥር ቃል የሚነጋገሩ አይመስለኝም። ወሬውን ሰምተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ቢሮ ገብተው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ቱርጁማኑ፣ “አባ፣ ይህ ሰው ባይመለስ ድንጋይ እንደሚፈልጡ ያውቃሉ? ምንዎ ነው?” ቢላቸው፣ ገርመም አድርገው አዩት።

“ዝናብ ስትዘንብ ግባ ብሎኛል” አሉ። “ድንጋይ መፍለጥ ምንድናት?”

ሰፊው ለማስተማር ስምንት ቀን ብቻ ነበራቸው። ክር አልሰጡኝም። አሮጌ ጋዜጣ መርፌው ሥር አስገብተው፣ ያለ ክር፣ በጽሑፉ መስመር ላይ እንድሄድ አዘዙኝ። ቀላል መሰለኝ። ስረግጥ ጎማው ወደ ኋላ ዞረ። እንደገና ስረግጥ እንደገና ወደ ኋላ። ሦስት ቀን ሙሉ እግሬና መኪናው ተጣልተው ከረሙ። ሰፊው ጋዜጣውን አንስተው ወደ ብርሃን ያሳዩኛል፤ ጠማማ ቀዳዳ ነው። በአምስተኛው ቀን አንድ መስመር ቀጥ አለ። በሰባተኛው ክር አስገቡልኝ። በስምንተኛው ጨርቅ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳዩኝ፤ እሱን ግን ግማሹን ነው ያየሁት፤ የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ነበርና። ወረቀታቸውን፣ ያልተሰፋ ነጭ ሐር፣ ትንሹን መቀስና ቆርቆሮዋን ይዘው ሲሳፈሩ፣ “አንተ ረጋ በል” አሉኝ። ምክራቸው ይኸው ብቻ ነበር።

ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ወታደር በበረንዳው ያልፋል። አይገባም፤ ቆሞ የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ ይሄዳል። እኔም ሲመጣ እያየሁ፣ አፍንጫውን በር ላይ እስኪያደርግ ጠብቄ፣ እግሬን መርገጫው ላይ አወርዳለሁ። የከተማው ሰውም ሊያየኝ ይመጣ ነበር። “ሴትየዋ በእግሯ ትሰፋለች” ተባለ። አንዳንዶቹ ሴቶች በሹክሹክታ ስለ ማህፀኔ ጠየቁኝ። “ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል” አልኳቸው።

ችግር የመጣው በመጀመሪያው እሑድ ነው። ወታደሩ እሑድም ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ፣ እሑድ ሰፍቼ አላውቅም። መኪናው ዝም ካለ ወረቀቱ ሊቀደድ ነው፤ ከሰፋሁ ደግሞ የማፍረው በፈጣሪዬ ፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋዜጣው ትዝ አለኝ። ክሩን አወጣሁ፤ ጨርቁን አነሳሁ፤ ነጠላዬን እንደለበስኩ ባዶውን መኪና ረገጥኩ። ወታደሩ አዳምጦ፣ ረክቶ ሄደ። ክር የሌለው ስፌት ሥራ አይደለም ብዬ ራሴን ፈታሁ። በሚካኤልም፣ በማርያምም እንዲሁ አደረግኩ። በኋላ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ከጦሩ የካኪ ጣቃ መጣ፤ ሃያ አራት ሸሚዝ፣ በቶሎ። በቶሎ ሲባል ልቤ ቸኮለ። የእጅጌውን ልክ በሳሙና አስምሬ፣ ጨርቁን ደራርቤ፣ አርባ ስምንቱንም በሁለት ቀን ቆርጬ ጣልኩት። እንዴት ኮራሁ! የመጀመሪያውን ሸሚዝ ገጣጥሜ ግራ እጅጌውን ትከሻው ላይ ሳስጠጋው ግን አልገባም አለኝ። አዞርኩት፤ አልገባም። ሌላ አነሳሁ፤ ሌላውም ያው። ቁጭ አልኩና እጅጌዎቹን አንድ ባንድ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። ሁሉም ቀኝ ነበር። ሰፊው ጨርቁን ፊትና ፊት አጋጥመው ነበር የሚቆርጡት፤ እንዲያ ሲሆን አንዱ ቀኝ አንዱ ግራ ይወጣል። እኔ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ደርቤዋለሁ። ሁለት ቀኝ እጅ ያለው ሃያ አራት ወታደር የት ይገኛል?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም፤ ጣቃው አልቋል። አለቀስኩ፤ ይህን አልደብቅም። ያለቀስኩት ለራሴ አይደለም። ሽማግሌውን ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ሰፊውንም ተመልሰው የታሸገ በር ፊት ሲቆሙ አየኋቸው። እንባዬን ጠርጌ አንዱን እጅጌ ገለበጥኩ፣ የጨርቁን ጀርባ ወደ ውጭ። የተገለበጠ ቀኝ፣ ግራ ሆነ! ትከሻው ላይ ልክ ገባ። የካኪው ጀርባ ከፊቱ ትንሽ ይደበዝዛል፤ አዲስ ሆኖ፣ ተተኩሶ፣ በደመና ብርሃን ሲያዩት ግን አይታወቅም። ሃያ አራቱንም ገልብጬ ሰፋሁ፤ አጥፌ አስረከብኩ። ሹሙ ቆጠረና ተቀበለ። ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ከዚያ ታጠበ። ካኪው ፊቱን ብቻ ቀለም የነከሩት ርካሽ ጨርቅ ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ሲያገኘው ጀርባው ነጣ። አንድ የገበያ ቀን ከበረንዳው ቀና ብል ወታደሮቹ በሰልፍ ያልፋሉ፤ ሃያ አራቱም ግራ እጃቸው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዷ ቅቤ ሻጭ ሳቀች፤ ከዚያ ገበያተኛውን ማን ይመልሰው? ልንገራችሁ፣ ጣሊያን ከገባ ወዲህ የዲላ ገበያ እንደዚያ ስቆ አያውቅም ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልሳቅኩት።

ሹሙ ሸሚዝ በእጁ ጨብጦ ቱርጁማኑን አስከትሎ መጣ። በረንዳው ላይ ምንጣፌን በጫማው ረገጠ።

“የተበላሸ ሥራ! ውሉን አፍርሳችኋል ይላል” አለ ቱርጁማኑ።

“ቀለሙ ነው እንጂ ስፌቱ ተበላሽቷል?” አልኩ። “እጅጌው ይለቅ እንደሆነ ጎትተህ እይ በለው።”

ሹሙ ጎተተ። በሁለት እጁ፣ ጥርሱን ነክሶ ጎተተ። አልተተረተረም። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

“ከነገ ወዲያ ጠዋት ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ካልመጣ ሱቁ ይታሸጋል፤ ሽማግሌውም ይጠራል” ብሎ፣ ሃያ አራቱን ሸሚዝ ልኮልኝ ሄደ። የሰፊው መመለሻ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረው ነበር።

ሽማግሌው ያን ቀን በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ሁሉን ሰምተዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ “አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በእኔ ጥፋት ነው” አልኳቸው። በትራቸውን ወደ ጎን አድርገው ሸሚዙን ተቀበሉኝ። ነጩን እጅጌ አገላብጠው አዩት፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ጋቢ ጫፍ አሳዩኝ። ጫፉ ላይ የማይለቅ ቡናማ እድፍ አለ።

“ይህቺን ሚስቴ አርባ ጊዜ አጥቧታል፤ እምቢ አለች” አሉ። “የቡና ገለባ ነው። እርጥቡ ላይ ተቀምጬ ነው።”

ተነስተው ሄዱ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከጪጩ ስድስት ሸክም የቡና ገለባ አስይዘው በረንዳዬ ላይ አራገፉ። በአከራዩ ጓሮ ጣሊያን የጣለው አንድ የዛገ የነዳጅ በርሜል ነበር። አጥበን፣ ሦስት ጉልቻ ላይ አስቀምጠን፣ ከለገዳራ ወንዝ ውሃ አስቀድተን ሞላነው። በሳቋ ገበያውን ያስነሳችው ቅቤ ሻጭ ሳትጠራ መጥታ እሳቱን ያዘች። “እኔ ነኝ ያሳቅኩባችሁ፣ እኔው አነዳለሁ” አለች። ገለባውን እስኪጠቁር አፈላነው፤ ሃያ አራቱንም ሸሚዝ ከትተን በእንጨት ስናማስል ዋልን። ከገለባው ይሁን ከበርሜሉ ዝገት አላውቅም፣ ቀለሙ ቡናማ አልሆነም፤ እንደ እርጥብ ቅጠል የጠቆረ፣ ደልደል ያለ ሆነ። አጥበን ስንሰቅለው ውሃው ጠርቶ ወረደ። ግራውን ከቀኙ የሚለይ ሰው ካለ ይምጣ አልኳቸው፤ ቅቤ ሻጯ ዓይኗን አጥብባ አየችና፣ “እኔ የራሴንም ግራ አልለይም” አለች።

ሹሙ በቀጠሮው ጠዋት መጣ። ሸሚዞቹ በረንዳው ላይ በገመድ ተሰልፈዋል። አንድ ባንድ አያቸው፤ እጅጌ ከእጅጌ አስተያየ፤ አሸተተ። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እኔ መኪናው ላይ ነኝ፣ እየረገጥኩ። ከዚያ ለቱርጁማኑ ሁለት ቃል ጣል አድርጎ ወጣ።

“ምን አለ?” አልኩ።

“እድፍ አይታይበትም፤ የቀሩትንም ሸሚዞች ላክላት አለ” አለኝ ቱርጁማኑ። እሱም ሸሚዞቹን አየት አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አገሬ ሰው ፈገግ አለልኝ።

ያን ዓመት የዲላ ጦር ላብ ባላበው ቁጥር የገለባ ሽታ ይሸት ነበር። እኔ አፍንጫዬን ሞልቼ ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? የወታደር ልብስ በመስፋቴ አይደለም የኮራሁት። እንደማልችል አምኖ የፈረመ ሰው ያን ፊርማውን እንዲያከብር ስላደረግኩት ነው።

አርባ አምስተኛው ቀን ሐሙስ ዋለ። ከጠዋት ጀምሮ ጭነት መኪና በሰማሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል። ሽማግሌው የገበያ ቀን ሳይሆን መጥተው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ድንጋይ መፍለጫ መዶሻ ይዘው እንደመጡ ቀልደው ነገሩኝ፤ አልሳቅኩም። ቀትር አለፈ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው አቧራ ለብሶ ከጭነት መኪና ላይ ወረደ፤ ሰፊው ነበሩ። በመጀመሪያ ወደ ሱቁ አልመጡም፤ ቢሮ ገብተው፣ ቆመው ታዩ፤ ወረቀታቸው ላይ ማኅተም አስደረጉ። ከዚያ በረንዳውን ወጡ።

እኔ አንድ ኮሌታ እየገጠምኩ ነበር። ልነሳላቸው ብል በእጃቸው ከለከሉኝ።

“ጨርስ” አሉ። “ስፌት ተጀምሮ አይተውም።”

ሽማግሌውን እጃቸውን ስመው፣ ምንጣፌ ላይ፣ በእኔ ቦታ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። መርፌዬን አነሱና የጀመርኩትን የቁልፍ ቀዳዳ ይጠልፉ ጀመር። ኮሌታውን ጨርሼ ስመለከት፣ እግዜር ይይላቸው፣ የሠሩት ቀዳዳ ጠማማ ነበር።

ሠርጉን በኋላ ነገሩን። መንገዱ ብዙ በልቷቸው ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀድመው ነው የደረሱት። የመጨረሻው ክር አልበቃም ነበር፤ ልጅቱ ከክሩ ወዲህ አድጋለች። ነጩን ሐር እዚያው፣ እሷን አቁመው፣ በገዛ እጃቸው ለክተው ሰፉ። “ትከሻዋ እንደ እናቴ ነው። ክሩ ይህን አልነገረኝም ነበር” አሉ። ሽማግሌው ወደ ጎዳናው ዞሩላቸው።

ከዚያ ቆርቆሮዋን ከፈቱ። ባዶ ነበረች፤ ክሮቹን ሁሉ ለልጃቸው ትተውላታል። ልጅቱ፣ “አባቴ እንዲመጣ ወንበሩን የጠበቀችው ማን ናት? ልኳን ላኩልኝ” ብላ አዛቸዋለች። ከክር ጥቅላቸው ላይ ጫፉን ሰጡኝ፤ ትከሻዬ ላይ ያዝኩት። እሳቸው ሌላውን ጫፍ ተረከዜ ዘንድ ዘርግተው ቆረጡት፤ ወገቤን ራሴ ቋጠርኩ፣ እጄንም። ጠቅልለው ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀመጡት፤ በሚቀጥለው የቡና ነጋዴም ላኩት።

እኔ ያን ጊዜ ከዲላ ወጥቼ ሻሸመኔን እንኳ አላየሁም ነበር። ክሬ ግን ኬላውንም፣ ባቡሩንም፣ ባሕሩንም አለፈ፤ የይለፍ ወረቀት የጠየቀውም የለም። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ በጨርቅ ታስሮ መጣልኝ። ሰፊውም፣ ሽማግሌውም፣ ቅቤ ሻጯም ቆመው ሲያዩኝ ፈታሁት። አንገቱን አላየሁም፣ ጥልፉንም አላየሁም። መጀመሪያ ያየሁት እጅጌውን ነው።

አንዱ ቀኝ ነበር፣ አንዱ ግራ።